ሆንዳ ሲቢ 750 በ1/12 ስኬል ከነሞተረኛው፦ ሰውየው ሞተሩ ላይ በትክክል ይቀመጣል ወይ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ የሞዴል ሰብሳቢዎች መድረክ ላይ ስለ መኪና ሞዴል (አሳንሶ የተሠራ ቅጂ ማለቴ ነው) ብዙ ተጽፏል። ስለ ሞተር ግን ጠለቅ ያለ ነገር አላየሁም። እህቴ ከውጭ የላከችልኝን ሆንዳ ሲቢ 750 በደንብ ስላየሁት ልንገራችሁ። ስኬሉ 1/12 ነው፤ ርዝመቱ ከእውነተኛው 12 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ክንዱም ጉልበቱም የሚታጠፍ ሞተረኛ አብሮ አለ። የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ፤ ዕቃው ላይ እናተኩር።

መጀመሪያ ስለ እውነተኛው ሞተር ትንሽ ልበል። እሱን ሳያውቁ ሞዴሉን መመዘን አይቻልም። ሆንዳ ሲቢ 750ን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። 736 ሲሲ ነው። አራት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ፊት ለፊት ዲስክ ፍሬን አለው። በእግር ከመምታት ሌላ በኤሌክትሪክም ይነሳል። ይሄ ሁሉ በአንድ ሞተር ላይ፣ ያውም ደመወዝተኛ አጠራቅሞ ሊገዛው በሚችል ዋጋ መምጣቱ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር።

ወደ ሞዴሉ ልምጣ። ታንኩና የሞተሩ ዋና አካል የዚንክ ቅይጥ ነው። ሌላው ፕላስቲክ። እጅ ላይ ሲይዙት ቀዝቀዝና ከበድ ይላል። ያ ደስ ይላል።

በጣም የወደድኩት ከታንኩ ስር ያለውን ነው። አራቱ ካርቡራቶሮች ለየብቻ ተሠርተዋል። በአንድ ቁራጭ ላይ አራት ጉብጉብ ብቻ አድርገው አላለፉትም። ከእያንዳንዳቸው ቀጭን ጥቁር ቱቦ ይወጣል። ማርሚታውም በትክክል አራት ነው፣ በየጎኑ ሁለት። ዲስኩ ከፊት ጎማ በግራ በኩል ነው፤ ትክክል። ካቴናው ግራ፣ የእግር ማስነሻው ቀኝ፤ እሱም ትክክል። የጎማዎቹን መሐል ለመሐል ርቀት በካሊፐር ለካሁት። እውነተኛው 1,455 ሚሊ ሜትር ነው። ለ12 ሲካፈል 12.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእኔም 12.1 ወጣ። ልብ በሉ፣ ብዙ ሞዴል እዚህ ላይ ነው የሚዋሸው።

ቀለሙ ላይ ቅሬታ አለኝ። ታንኩ ወርቃማ ነው። እውነተኛው ላይ ከስር ብርማ ይቀባና ከላይ የሚያሳልፍ ቀለም ይደረብበታል። ለዚህ ነው ጥልቀት ያለው የሚመስለው። ሞዴሉም እንደዚያው ተቀብቷል። ችግሩ የብርማው ቅንጣት መጠን ነው። ሞተሩ 12 ጊዜ ሲያንስ ቅንጣቱ አላነሰም። ስለዚህ ከቅርብ ሲያዩት የሚያብለጨልጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ከአንድ ክንድ ርቀት ግን አይታወቅም።

የጎማው ራጂዎች ፕላስቲክ ናቸው። ትንሽ ወፈር ብለዋል። እሱን አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ሰውየው። ይሄ ነው ዋናው ጉዳዬ። ሞተር ከነሞተረኛው ሲሸጥ የሚመዘነው በአንድ ነገር ነው፤ በአቀማመጡ። እጁ መሪው ላይ፣ እግሩ ማሳረፊያው ላይ፣ መቀመጫው ወንበሩ ላይ፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ መድረስ አለባቸው። ሁለቱ ብቻ ከደረሱ ሞተሩም ሰውየውም ለየብቻ ቢያምሩ ዋጋ የለውም።

የእኔ ሰውዬ ለብቻው ሲታይ ግሩም ነው። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ጃኬቱ ላይ ስፌቱ ሳይቀር ይታያል። ሦስት ጥንድ መቀያየሪያ እጅ አለው፤ የተጨበጠ፣ የተዘረጋና መሪ የሚይዝ። ሞተሩ ላይ ሲወጣ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የጃኬቱ ጫፍ ዳሌውን አልፎ ስለሚወርድ ጭኑ ወደፊት አይታጠፍም። ጭኑ ካልታጠፈ እግሩ ማሳረፊያው ላይ አይደርስም። እግሩን በግድ ካደረሱት ከወንበሩ ይነሳል። ሳጥኑ ላይ ያለው ፎቶ ከጎን ዝቅ ተብሎ የተነሳ ነው። ክፍተቱን ታንኩ ይሸፍነዋል። ገዢን እንደዚህ ማሳሳት ተገቢ አይመስለኝም።

በዚያ ላይ ሰውየው ሲጫንበት የጎን መቆሚያው አይችለውም፣ ይወድቃል። መሐለኛው መቆሚያ ላይ ግን ይቆማል።

የሞተሩ ነጥብ ከ10 ዘጠኝ። የሁለቱ አንድ ላይ አምስት። ሐሳባችሁን ጣሉበት።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድማለም፣ አምስት አላነሰችም? ሞተሩ ዘጠኝ ከሆነ ሰውየውን እንደ ምርቃት ቁጠረው። እኔ ብሆን ሞተሩን መደርደሪያ ላይ ብቻውን አቆመውና ሰውየውን አጠገቡ ቆሞ እንደሚያየው አደርገው ነበር። ያምራልም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ቦርከና፣ ምርቃት ቢሆን ዝም እል ነበር። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ሞተርና ነጂ» ነው። ዋጋውም የሁለት ዕቃ ዋጋ ነው። ነጂ ብለህ ከሸጥክ መንዳት አለበት። አጠገቡ ማቆሙ ያምራል ያልከው ግን እውነት ነው፤ ለጊዜው እንደዚያ ነው ያለው።

የሆጤው መምህር (ደሴ)

ሰላም ልጆች። ስለ መቆሚያው አንድ የሒሳብ ነገር ልጨምር። ለተማሪዎቼም የምነግራቸው ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው።

ርዝመት በ12 ሲያንስ ክብደት በ12 አይደለም የሚያንሰው። ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ቁመቱም እያንዳንዳቸው በ12 ይቀንሳሉ። ስለዚህ 12 ሲባዛ 12 ሲባዛ 12፣ ማለትም 1,728 ነው አካፋዩ። የዚህ ሞተር ክብደት ያለ ቤንዚን 218 ኪሎ ገደማ ነው። ለ1,728 ስናካፍለው 126 ግራም ይመጣል። ሰውየው 75 ኪሎ ነው ብንል 43 ግራም ብቻ ይሆናል።

የጦሳ ልጅ፣ እስቲ ሁለቱንም አስመዝናቸው። ፒያሳ ያሉት ወርቅ ቤቶች ሚዛናቸው ትክክል ነው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ በሥራ መውጫ ወስጄ አስመዘንኳቸው። ሞተሩ 214 ግራም። ሰውየው 81 ግራም። ወርቅ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተሰብስበው ነው ያዩት።

የሆጤው መምህር (ደሴ)

አየህ፣ ሰውየው መሆን ካለበት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ወደ እውነተኛው ስንመልሰው 140 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንደማለት ነው። ክብደቱ ደግሞ ከላይ ነው። ሞተሩም ከሚገባው በላይ ከብዷል፤ መቆሚያው ግን በስኬሉ ልክ ቀጥኗል። ሁለቱን አንድ ላይ ካየን መውደቁ አይገርምም። ሞዴል ሠሪ መልክን እንጂ ክብደትን በስኬል ማድረግ ይቸግረዋል። ለዚህ ነው ጥሩዎቹ ከስር የሚያያይዝ ማቆሚያ ጨምረው የሚሸጡት።

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

እኔ ሞዴል አልሰበስብም። የምሠራው እውነተኛውን ሞተር ነው፣ በብዛት ቦክሰርና ቲቪኤስ። የላክኸውን ፎቶ አጎላሁት። ካርቡራቶሮቹን አይቼ ማሻአላህ ነው ያልኩት። የፍሪሲዮን ገመዱ እንኳ በትክክለኛው ቦታ ገብቷል። የሠራው ሰው ሞተር ፈትቶ ያውቃል።

ሰውየውን የሠራው ግን ሌላ ነው። ትከሻውን እይ። ወደፊት የተሰበረ ነው፣ አንገቱ ወደ ላይ የተቀለበሰ። ይሄ የእሽቅድምድም ሞተር አቀማመጥ ነው። እዚያ ላይ መሪው ዝቅ ይላል፣ የእግር ማሳረፊያው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሰውየው ታንኩ ላይ ይተኛል። ሲቢ 750 እንደዚያ አይደለም። መሪው ከፍና ሰፋ ያለ ነው። ነጂው ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ጉልበቱም ወደፊት ነው። የእኛ ቦክሰር ላይ እንደሚቀመጡት ማለት ነው። ስለዚህ ለሌላ ሞተር የተሠራ ሰው ነው አምጥተው የጫኑበት።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

መካኒኩ ያልከው ያስኬዳል። የአክሽን ፊገር (እጅ እግሩ የሚታጠፍ የሰው ቅርጽ) አምራቾች አንድ ገላ ሠርተው ልብሱንና ጭንቅላቱን እየቀያየሩ ለብዙ ዕቃ ይጠቀሙበታል። ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ በጣም ውድ ነው። አንዴ ካሠሩት ደጋግመው ማውጣት አለባቸው። ጃኬቱ አዲስ፣ ገላው አሮጌ ነው ማለት ነው።

ነጥብህ ላይ ያለኝን ተቃውሞ አንስቻለሁ። ለዚህ ሞተር ያልተሠራ ሰው ከሆነ አምስትም በዛ።

እሙ ሐያት (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ገብቼ የማነበው ለልጄ ብዬ ነው። አራት ዓመቱ ነው፣ ሞተር ሲያልፍ ካየ ቤት አይገባም። ይሄ ለእሱ ይሆናል ወይ? ወንድሜ ዱባይ ስላለ ማስላክ እችላለሁ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ወአለይኩም ሰላም እታለም። ይሄንንስ አታስልኪለት። ሳጥኑ ላይ ከ14 ዓመት በላይ ይላል፤ ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም። የጎን መስታወቶቹ የሽምብራ ፍሬ ያክላሉ፣ በቀላሉ ይነቀላሉ። የሰውየው መቀያየሪያ እጆችም እንደዚያው ናቸው። ልጅ አፉ ውስጥ ቢከታቸው ጉሮሮ ላይ ይቀራሉ። ለአራት ዓመት ልጅ አንድ ወጥ የሆነ፣ ጎማው የማይወልቅ፣ ወፍራም የፕላስቲክ ሞተር ይሻለዋል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ከሚሸጡት ውስጥ ጎማውን ሳብ አድርገሽ የማይነቃነቀውን ምረጪለት። ሲያድግ እዚህ እንቀበለዋለን።

እሙ ሐያት (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ። እንደዚያው አደርጋለሁ።

ኩታበር

የሰውየው መገጣጠሚያ እንዴት ነው? ላላ ነው ጠንካራ? የእኔ ሌላ ፊገር ጠዋት ላይ ክርኑን ላጥፍ ስል ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ገና ከሳጥን የወጣ ዕቃ!

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አይዞህ ኩታበር፣ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ምክንያቱ ብርዱ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ እናንተ ጋ ደግሞ ጠዋቱ እንዴት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ፒን ደግሞ ቀለም ነክቶት ከዙሪያው ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ስታጥፈው መገጣጠሚያው ሳይሆን ፒኑ ይጠመዘዝና ይበጠሳል።

አዲስ ፊገር ሲመጣ መጀመሪያ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው። የፈላ አይደለም፤ እጅህ የሚችለው ሙቀት። ከዚያ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ። እምቢ ካለ ኃይል አትጨምር፣ መልሰህ አሙቀው። ደረቅ ከሆነ ጠብታ ሲሊኮን ዘይት ይበቃዋል።

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

ጋራዥ ያለውን ነገር ግን እንዳትነኩ። ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩን ይበሉታል። አንድ ደንበኛዬ የመብራት ሽፋን በቲነር ጠርጎ ጉም እንዳስመሰለው አይቻለሁ።

አሮጌ ዕቃ ወዳጅ (ደሴ)

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ እኔ ጋ ከአባቴ የቀረች የብረት ሞዴል አለች። ገላዋ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ወጥቷል። ጫፏ ላይ እየፈረፈረች ነው። ወድቃ አታውቅም። ምን ነክቷት ነው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ያ የዚንክ በሽታ ነው ወዳጄ። ቅይጡ ሲፈስ ጥቂት እርሳስ ከተቀላቀለበት በዓመታት ውስጥ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈርሳል። በጣም የሚታየው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩት ላይ ነው፣ ግን ጥንቃቄ በጎደለበት ፋብሪካ ከዚያም በኋላ ወጥቷል። መድኃኒት የለውም። እርጥበት የሌለበት፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ ብታስቀምጣት ትዘገያለች። ወደ ሌሎቹ ሞዴሎች ግን አይተላለፍም፣ እሱን አትስጋ። አሁኑኑ በሁሉም ጎን ጥሩ ፎቶ አንሳት።

ሰኞ ገበያ ሰፈር (ደሴ)

የጎማውስ ነገር? የእኔ 1/18 ሞተር ጎማው ፕላስቲኩን መቆሚያ አቅልጦት ተጣብቋል። ፊገሩም ጃኬቱ እንደ ማር እያጣበቀ ነው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁለቱም አንድ ምንጭ አላቸው። ለስላሳ ፕላስቲክ ሲሠራ እንዲለሰልስ የሚያደርግ ዘይት መሰል ኬሚካል ይገባበታል። በጊዜ ብዛት እሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ጃኬቱን የሚያጣብቀው እሱ ነው። ጎማው የቆመበትን ጠንካራ ፕላስቲክ የሚያለሰልሰውም እሱ ነው።

ሰውየውን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠበው፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው። በታሸገ ሳጥን አትክተተው፣ አየር ሲያጣ ይብሳል። ከጎማው ስር ቀጭን መስታወት ወይም ብረት አድርግበት። መስኮት አጠገብ ደግሞ አታስቀምጥ።

ደጋን (ኮምቦልቻ)

የምታወሩት ሁሉ ደስ ይላል። እኔ ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። አባቴ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ያማሃ ኤጂ 100 ነበረችው። እኛ አገር ገጠሩን ያዳረሰችው እሷ ናት፤ ጤናውም፣ ግብርናውም፣ ወባ መከላከሉም በእሷ ነው ቆላ ደጋውን የወጡት። እንደ ሲቢ 750 ፈጣን አይደለችም። ግን ለእኔ ከእሷ የሚያምር ሞተር የለም። ለምንድነው ማንም ሞዴሏን የማይሠራልን?

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

ደጋን፣ ልቤን ነካኸው። ሞተር መፍታት የተማርኩት ኤጂ 100 ላይ ነው። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ ጭቃ አይገባበትም። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። የጎን መቆሚያዋ በሁለቱም በኩል ነው። ተዳፋት ላይ በየትኛውም ጎን ብታቆማት ትቆማለች። ለገበሬ አገር ታስባ የተሠራች መሆኗ እዚያ ላይ ይታወቃል።

ሞዴሏን ራሳችን እንሥራት። ወሬ አይደለም፣ ከልቤ ነው። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጄነሬተርና ዲናሞ ከሚጠግኑት ጋ ሞልቷል። ለመጫኛዎቹ እሱ ይሆናል። የካቴና መሸፈኛውን ከፕላስቲክ ካርድ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ልኩን ግን ከፎቶ አትውሰዱ። አሁንም የሚሠሩ አሉ፣ ሄደን በሜትር እንለካለን።

ደጋን (ኮምቦልቻ)

እኔ አለሁበት። የአባቴ ካፖርትና ከኋላ ያሰራት የነበረችው የሸራ ቦርሳ ፎቶ አለኝ። ሰውየውንም እንደዚያ እናልብሰዋለን።

የሆጤው መምህር (ደሴ)

ልኩን አምጡልኝ፣ በ1/12 አውጥቼ ንድፉን በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ እሠራላችኋለሁ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ለእሱ አዲስ የውይይት ርዕስ ደጋን ይክፈትልን፤ እዚህ ተቀብሮ እንዳይቀር። ጎማና ራጂ የምትፈልጉ ከሆነ ትርፍ አለኝ።

ወደዚህኛው ልመለስ። መካኒኩ በውስጥ መስመር የነገረኝን ሞከርኩት፤ ለሌላውም እንዲጠቅም እጽፈዋለሁ። ሰውየውን ከወገቡ ለየሁት። ጃኬቱ ለብቻው ወለቀ። ጫፉን ሞቅ ባለ ውሃ አለሰለስኩና ከኋላ በኩል፣ ስፌቱ ባለበት መስመር፣ በአዲስ ምላጭ ቀደድኩት። እውነተኛ የሞተረኛ ጃኬትም ከኋላ ክፍት ያለው አለ፣ ስለዚህ አያስጠላም። ከፊት በኩል ያለውን ግን ከውስጥ ነው በአሸዋ ወረቀት ያሳሳሁት፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ምላጭ የምትጠቀሙ ወደ ራሳችሁ አትሳቡ።

አሁን ጭኑ ይታጠፋል። መቀመጫው ወንበሩን ነካ። እግሮቹ ማሳረፊያው ላይ አረፉ፣ የቀኝ ጫማው የኋላ ፍሬኑ ላይ ሳይቀር። ትከሻው አሁንም ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ እሱ ገላው ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ አይስተካከልም። አንገቱን ዝቅ ሳደርገው ግን ጉብጠቱ ቀነሰ። ፎቶውን ከታች አያይዣለሁ፣ ከጎንም ከኋላም።

ነጥቤን ግን አልቀይርም። ገዢ ምላጭ ይዞ ማስተካከል ካለበት የሠሪው ነጥብ ያው አምስት ነው። መግዛት ለምትፈልጉ፣ ሞተሩ ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ ያለማመንታት ግዙ። ከነሰውየው ብቻ ከሆነ ይሄን ሥራ ለመሥራት ተዘጋጅታችሁ ግዙ።

የቀረኝ አንድ ነገር የግራ እጁ ነው። መሪውን ይጨብጣል፣ ግን ጣቶቹ አንድ ላይ የተያያዙ ስለሆኑ የፍሪሲዮኑ ማንሻ ላይ አይደርሱም። ሁለቱን ጣት ለይቼ ልቁረጥ ወይስ ይቅር?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ፎቶውን አየሁት። ሌላ ሰው ነው የመሰለው! ጣቱን ግን አትንካ፣ ያን ያህል ቀጭን ከሆነ ይሰበራል።

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

አትቁረጥ። ፍሪሲዮን የሚያዘው ማርሽ ሲቀየርና ሲቆም ነው። እየነዳ ሁልጊዜ ፍሪሲዮን ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሞተረኛ ሸራውን ቶሎ ነው የሚጨርሰው፤ እኔ ጋ በየጊዜው ይመጣሉ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ከሆነ መሪውን መጨበጡ ነው ትክክሉ። የቀኝ እጁን አውራ ጣት ብቻ ከስር አድርግለት፣ ነዳጅ የሚሰጥ ይመስላል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

እሺ፣ የግራውን ትቼዋለሁ። ቀኙን አሁን አስተካከልኩት፣ ገብቷል። ለኤጂ 100 ልኬት የምትሄዱት ቅዳሜ ከሆነ እኔም ከደሴ እወርዳለሁ፤ ካሊፐሩን ይዤ እመጣለሁ።